ፈርቼ ነው

ጥቅምት 6
የሙሽራዋን ቀሚስ ስቆርጥ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ዛሬም። ቀኝ እጄ ድንዝዝ ይልብኛል… ታላቅ እህቴ እቴቴ አይታ፣ "ምነው፣ መቀሱም ሥራ ሰለቸው?" አለችኝ። ሳቅሁ። ልቤ ግን ፈራ።

ጥቅምት 9
ሐኪሙ መዳፌን በመርፌ ነካ ነካ አደረገና፣ "ጭንቅላትሽን በማሽን እንየው" አለ። ማክሰኞ።
"ምን ሊሆን ይችላል?"
"አይተን ነው።"
ይሄ ደግሞ መልስ ነው?

ጥቅምት 10
መጸለይ አቃተኝ። ተንበረከክሁ፤ ልቤ ድው ድው… እንዲህ እየተርበደበዱ እግዜር ፊት ይቀረባል? የሚያምን ሰው እንዲህ ይሆናል? መጀመሪያ ልረጋጋ፣ ከዚያ እቀርባለሁ ብዬ ተነሣሁ። ለእቴቴ ብነግራት፣ "ከተረጋጋሽማ ምን ቸግሮሽ ወደ እሱ ትሄጃለሽ?" አለችኝ። እሷ ምን አለባት! ተናደድኩባት።

ጥቅምት 11
አልተረጋጋሁም። ቤተ ክርስቲያንም አልሄድኩ። ልጄን ፀጉሯን ስሠራት ጣቶቼ እምቢ አሉ። "እማ፣ አጠበቅሽው" አለች። እኔ ከሌለሁ ማን… አይ፣ ይቅር።

ጥቅምት 13
ማሽኑ ጠባብ ነው። ፊቴ ላይ እንደ ወንፊት ያለ ነገር ገጠሙብኝ። ባለሙያው በግራ እጄ የጎማ ኳስ አስያዘኝ። "ከፈራሽ ጭምቅ አድርጊው። እኔ ጋ ይደውላል፤ እሰማለሁ።"
ገና ከመግባቴ ጨመቅሁት።
"አለሁ እህቴ! ምን ሆንሽ?"
"ምንም… ይቅርታ። ፈርቼ ነው።"
እንዴት አፈርኩ!
"ታዲያ ለዚሁ አይደል የሰጠሁሽ? ላልፈራ ሰው ምን ያደርግለታል?"
ከዚያ ማሽኑ መንኳኳት ጀመረ። መንበርከክ የለ፣ መነቃነቅ ክልክል። የማውቀው ጸሎት ሁሉ ጠፋኝ። "ጌታዬ ኢየሱስ፣ ፈርቼ ነው" አልኩ በልቤ። ደጋግሜ። ይሄንኑ ብቻ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ግን ሰምቶኛል። እንዴት እንዳወቅሁ አላውቅም… ሰምቶኛል።

ጥቅምት 16
ዕጢ ነው። ማክሰኞ ቀዶ ጥገና።
"እጄስ?" አልኩት ሐኪሙን።
"ቃል አልገባልሽም።"
ስለ ቀሪው አልጠየቅሁም። ፈራሁ።

ጥቅምት 20
ጠዋት። ፀጉሬን ላጭተውኛል፤ አሁን ሊወስዱኝ ነው። የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ጥርሴ ይንገጫገጫል። ልጄን ትናንት ሳምኳት… ደግሜ እስማት ይሆን?
እቴቴ አጠገቤ ናት። ከማልቀስ ብዛት ዓይኗ አብጧል። እንጸልይ ብላት፣ "ቆይ… ትንሽ ልረጋጋ" አለችኝ። እቴቴ! ያቺ ተረበኛ!
"ከተረጋጋንማ ምን ቸግሮን እንሄዳለን?" አልኳት።
በእንባዋ መሀል ሳቀች። እጇን ሰጠችኝ፤ እሷም እንደ እኔ ትንቀጠቀጣለች።
ጌታዬ፣ ፈርተን ነው።