አንድ ጀልባ በሁለት ቀለም

ለተከበሩ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር፤

ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ መንገድዎም ሁሉ በየብስ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ከወንዙ ማዶ የምኖር ልብስ ሰፊ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

እንደሚያውቁት፣ የእኛን ሰፈር ከከተማው የሚያገናኙ የሁለት ድርጅቶች ጀልባዎች ነበሩ፤ ሰማያዊውና ነጩ። አንዱ ቢያረፍድ ሌላው ይደርስልን፣ አንዱ ዋጋ ቢጨምር ሌላው ይቀንስልን ነበር። ድርጅቶቹ ልንዋሃድ ነው ሲሉ መሥሪያ ቤትዎ በአዲሱ የአሠራር ዘይቤ መርምሮ ፈቀደ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ቀድሞ የውህደት ምርመራ የሚጀምረው ስንት ተፎካካሪ እንደሚቀር በመቁጠር ነበር አሉ። እናንተ ግን ይህን ኋላ ቀርነት ትታችሁ ገበያውን አሰፋችሁት። ወንዝ መሻገሪያ ጀልባ ብቻ ሳይሆን ውሃ ዋናም ጭምር ነው ብላችሁ ስለ ወሰናችሁ፣ ውሃ ሲያዩ ራሳቸውን የሚያዞራቸው አክስቴ ሳያውቁት የድርጅቱ ብርቱ ተፎካካሪ ሆነዋል።

፪. ሕዝቡ አማራጭ እንዳያጣ ሁለቱም ቀለሞች ከወንዙ ላይ እንዳይጠፉ ግዴታ ጥላችኋል። ድርጅቱም ሕግ አክባሪ ነውና አንዱን ጀልባ ሸጦ፣ የቀረውን ባንድ ጎኑ ሰማያዊ፣ በሌላው ነጭ ቀባው። ተቆጣጣሪዎቻችሁ ከዳር ቆመው ሰማያዊ ሲሄድ፣ ነጭ ሲመለስ አዩና ሁለት ብለው መዝግበው ሄዱ።

፫. ባለፈው ሳምንት ምራቴን ምጥ ያዛት። ወንዙ ዳር ወስደናት ልጄ ወዲያ ወዲህ ሲንቆራጠጥ፣ አክስቴም «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ መጣ፣ መጣ» እያሉ ሲያባብሏት፣ ከጀልባው ሕፃኗ ቀደመች። እዚያው አሸዋው ላይ ተወልዳ፣ ላደርስ በያዝኩት የደንበኛ ካፖርት ተጠቀለለች። እናትና ልጅ ደህና ናቸው። ለመሥሪያ ቤትዎ አቤት ብል የደረሰኝ መልስ፣ የተገልጋዩ ቁጥር ባንድ ሰው ማደጉን ጠቅሶ ውህደቱ ለገበያው ዕድገት ማምጣቱን ያበስራል። እንኳን ደስ ያላችሁ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን ምስጋና ሲበዛ ሽንገላ ይመስላል ብዬ ተውኩት።

የዓይናችሁን ብርሃን ያብዛላችሁ እያልኩ፣ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አክባሪዎ፣

የማዶው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ለሁለተኛ ጉብኝት የመጡት ተቆጣጣሪዎችዎ ጀልባው ተበላሽቶ እኔ ቤት አድረዋል። እንግዳ ክቡር ነውና የቤቱን በልተው፣ የልጄን አልጋ ለቀንላቸው ተኝተዋል። ጠዋት የቡድኑ መሪ ከባለቤታቸው ጋር በስልክ ሲነጋገሩ፣ የሴትዮዋ ድምፅ ጎላ ያለ ስለ ነበር፣ «ሌላ ጀልባ የለም እንዴ?» ስትላቸው ሰማሁ። ወደ ውሃው እያዩ፣ «ነበረ» አሏት።