የኢንጂነር አምደሚካኤል መልስ

ለተከበሩ አቶ ብርሀነ
በኮሌጃችን የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ሜልቦርን፣ ነሐሴ 2016

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የሰሞኑ ብርድ እንዳይነካዎ፣ ይልቁንም ቅዳሜ ዕለት ያለማቋረጥ ያጨበጨቡበት እጅዎ እንዳያብጥብዎ ምኞቴ ነው። እኔ ከዚህ በታች ከምዘረዝረው በስተቀር ደህና ነኝ።

በመጀመሪያ ስለ ማስታወቂያው ላመስግንዎ። የቀድሞ አባላችን ኢንጂነር አምደሚካኤል «ለማኅበሬ ጊቭ ባክ ላደርግ ነው» ቢሉ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ነገሩን አማርኛ አድርጎ፣ ከባለ ሙሉ ሱፍ ፎቷቸው ሥር «የኢንጂነር አምደሚካኤል መልስ» ብሎ በየሱቁ ለጠፈው። እትዬ በለጥሻቸው የሀበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ብርድ ልብስ በስጦታ ወረቀት አስጠቅልለው ከፊትዝሮይ ድረስ መጥተው፣ ሙሽሪት የታለች እያሉ ኖርዝ ሜልቦርን ያለውን አዳራሽ ሲዞሩ ዋሉ። ሰርግ አለመሆኑ ሲነገራቸው ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ተመለሱ። ብልህ ሴት ናቸው።

ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. ስለ ስጦታው። ኢንጂነሩ አርባ አንድ መጻሕፍት በእልልታ ካበረከቱ በኋላ፣ ሲሃም የምትባል የነርስነት ተማሪ አንዱን ገልጣ ወደ እኔ ይዛው መጣች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የማኅበራችን ክብ ማኅተም አለ፤ ከሥሩም በእትዬ ማንተግቦሽ የእጅ ጽሑፍ «ከክፍሉ አይወጣም» ይላል። ሌሎቹንም ገለጥን፤ አርባ አንዱም ያው ነው። ሰውየው በ2009 ሲመረቁ ይዘውብን የሄዱትን የገዛ መጻሕፍታችንን ነው የሸለሙን። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎን በማማቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሰውየው በእርግጥም መልሰዋል።

፪ኛ. ስለ እትዬ ማንተግቦሽ። ረስተዋቸው እንደሆነ፣ የኮሌጁ ጽዳት ሠራተኛ የነበሩት ሴት ናቸው። የማጥኛ ክፍላችንን ለምነው ያስፈቀዱልን፣ ማለዳ ማለዳ የሚከፍቱልን፣ መጽሐፍ ይዘን ልንወጣ ስንል በር ላይ ቆመው የሚቆጡን እሳቸው ነበሩ። መጻሕፍቱ የጠፉ ጊዜ እርስዎ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው፣ ቁልፉ በማን እጅ ነበር ብለው ጠይቀው፣ ያንኑ ቁልፍ በሰው ሁሉ ፊት ነጠቋቸው። ኢንጂነሩ ያኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው፣ ምን ዓይነት ዘመን መጣ በሚል ዓይነት ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ኤዲያ! እትዬ ማንተግቦሽ ግን ሌባ እንደተባሉ ሰባት ዓመት ሙሉ ብሬብሩክ ባለው ቤታቸው በራቸውን ዘግተው፣ ለቅሶም ሰርግም ሳይወጡ ኖሩ።

፫ኛ. ማኅተሙን ቅዳሜ ዕለት ለእርስዎ ባሳይ፣ በታላቅ ትሕትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ትልቅ ሰው አናሳፍር አሉኝ። ለመሆኑ እትዬ ማንተግቦሽ ስንት ሜትር ቢረዝሙ ነው ትልቅ ሰው የሚባሉት? ይህም አልበቃ ብሎ፣ በመጪው እሑድ ክፍሉ በኢንጂነሩ ስም ሊሰየም ነው መባሉን ሰማሁ።

ልመናዬ አንድ ነው። ስሙ በሩ ላይ ከመለጠፉ በፊት ያንኑ ጉባኤ ይጥሩልኝ፤ ያኔ በተናገሩበት ድምፅ፣ መጻሕፍቱን እትዬ ማንተግቦሽ እንዳልወሰዱና ማን እንደወሰደ ለሰው ይንገሩ። ቴክስት ልኬላቸዋለሁ እንዳይሉኝ ብቻ። በአደባባይ የወረደ ስም በስልክ አይነሳም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ በተለይም የሰውን ውርደት ሰባት ዓመት ስለታገሡበት ትዕግሥት፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሪሀና ያህያ
የማኅበሩ የቀድሞ አባል፣ የትራም ሾፌር

ማስታወሻ፦ ቁልፉ ይወሰድ ሲባል እጃቸውን ካወጡት አንዷ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ሺፍቴን ቀይሬ፣ አንዱን መጽሐፍ ይዤ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ብሬብሩክ ሄድኩ። እትዬ ማንተግቦሽ ማኅተሙን አዩት፤ አልተቆጡም፣ አላለቀሱምም። በተማሪነቴ አንቺ ቀዥቃዣ እያሉ ሲቆጡኝ የነበሩት ሴት «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሉኝ። አንቱ አሉኝ፣ አቶ ብርሀነ። እርስዎም የሄዱ እንደሆነ እንዲሁ ነው የሚቀበሉዎት፤ እርስዎ ግን ያከበሩዎት መስሎዎት ደስ ብሎዎት ይመለሳሉ።