ላብ ያልነካው ዘጠኝ ቁጥር

ለተከበሩ የቡድናችን አምበልና የዘጠኝ ቁጥር ማሊያ ባለቤት
በቆሙበት

ጉዳዩ፦ እንዲያልብዎ በትህትና ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አንድም ጊዜ ሳያስቸግሩት ስለሚውሉ ደህና ባይሆን ነበር የሚገርመኝ። እኔ በስታዲየሙ ምድር ቤት፣ ከውሃ ማሞቂያው አጠገብ ባለችው ክፍል የቡድኑን ልብስ የማጥብ ሠራተኛ ነኝ። ፊት ለፊት ተያይተን ባናውቅም ማሊያዎን ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ። አቤቱታዬም እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. የግራ ተከላካያችን ማሊያ ከጨዋታ ሲመለስ ከጭቃውና ከላቡ ብዛት ያለ ደጋፊ ይቆማል። የእርስዎ ግን እኔ የተኮስኩት መስመር እንኳ ሳይጠፋ ይመጣል። አንድ ቀን እንዲያውም ታጥቧል ብዬ በቀጥታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት፤ ማንም አላወቀም። ስለ ሳሙና ቁጠባዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪ኛ. አምበል ነዎትና አጥቂዎቹም አማካዮቹም አርአያዎን ተከትለው መንሸራሸር ጀምረዋል። የክለቡ አስተዳዳሪ ባለፈው ወር ወደ እኛ ወርደው ቅርጫቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ ልብሱ ካልቆሸሸ ሁለት አጣቢ ምን ያደርጋል ብለው ከሁለታችን አንዳችን በዚህ ወር መጨረሻ እንድንሰናበት ወስነዋል። ሁለተኛዋ አጣቢ እትዬ የምላቸው፣ ሥራውን ያስተማሩኝ ሴት ናቸው። እኔ ልውጣ ስላቸው፣ የለም እኔ ልውጣ እያሉኝ፣ እየተላቀስን ነው የእርስዎን ቁምጣ የምንተኩሰው። ላብ አደር ማለት እኛ ነን፤ ያውም በሰው ላብ የምናድር።

፫ኛ. ታላቅ ወንድሜ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የእርስዎን ቁጥር ለብሶ ከግቡ ጀርባ ይቆምና እርስዎ የተዉትን ሩጫ ሁሉ እዚያው ባለበት ይሮጥልዎታል። በማግስቱ ድምፁ ስለሚዘጋ ተሳፋሪው ወራጅ ሲለው በጥሩምባ ነው የሚመልሰው። የእሱን ማሊያ፣ ክለቡ ይቅር ይበለኝና፣ ከእናንተው ጋር ነው የማጥበው። ሦስት ጊዜ ዘፍዝፌውም ውሃው አይጠራም።

እርግጥ ነው፣ ክቡርነትዎ ሀብታም ነዎት፤ ሀብታም ተጫዋች ለደጋፊ የመልፋት ግዴታ የለበትም የሚሉም አሉ። እኔ ግብ አልጠየቅኩም፤ ግብ የዕድል ነገር ነው። ለማላብ ግን ዕድል አያስፈልግም። ሰው ሲነዳ ውሎ፣ ወገቡን ይዞ መጥቶ፣ ጉሮሮው እስኪነቃ ስምዎን ሲጠራ፣ ቢያንስ ኳሷ በአጠገብዎ ስታልፍ ዞር ብለው ይዩአት። እውነቴን ነው፣ ያሳዝነኛል።

ድካም ደጅዎን እንዳይረግጥ እየተመኘሁ፣ ካልሲዎን ሳይቀር በአክብሮት የማጣጥፈው፣
የምድር ቤቷ አጣቢ

ግልባጭ፦
ለክለቡ አስተዳዳሪ
ለግራ ተከላካዩ (ከምስጋና ጋር)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለውን ከጻፍኩ በኋላ ሳልልከው ሰነበትኩ። ባለፈው እሁድ በችኮላ ማሊያ ተቀያይሮብኝ፣ ገና ያልታጠበውን የወንድሜን ወደ መልበሻ ክፍል ልኬልዎ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ሽታው እንግዳ ስለሆነብዎ ሽቶ መስሎዎት ይሆናል፣ ለበሱት። ከጨዋታው በኋላ አሠልጣኙ አቅፈውዎት፣ ዛሬ ገና ለፋ ብለው እንዳመሰገኑዎ ሰማሁ። አስተዳዳሪውም ቅርጫታችን አጠገብ መቆም አቅቷቸው፣ አፍንጫቸውን እንደያዙ ስንብቱን ሰርዘውልናል። የእርስዎን ማሊያ ደግሞ በዚያው ቀን ወንድሜ ለብሶት ከግቡ ጀርባ ዋለ። አጥምቆ መልሶልኛል፤ ማሊያዎ በስድስት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ላብ አየ፣ እንኳን ደስ አለዎት።