ስም እንጂ መስመር የሌለው የዘር ሐረግ

ለወረዳው የሸማቾች አቤቱታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ምዕራብ ሱማትራ

ቀን፦ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 2024

ጉዳዩ፦ «ተፈትቷል» ተብሎ የተዘጋው መዝገቤ እንዲከፈትና የማስታወሻ መተግበሪያው መጠባበቂያ ፋይል ከነመስመሮቹ እንዲወጣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በኮቶ ሲላሲህ መንደር ሩዝ አምራችና የሁለት ሴት ልጆች እናት ነኝ። በእኛ በሚናንግ ሰዎች ዘንድ መሬት ከእናት ወደ ሴት ልጅ ያልፋል፤ የዘር ሐረጉን የሚጠብቀው የእናት ወንድም ነው። ይህን ክቡርነትዎ ያውቁታል፤ የምጽፈው ድርጅቱ ስለማያውቀው ነው።

2. አጎቴ ቡስታኑል የሰባት ትውልድ ሐረጋችንን ምስጥ ከጀመረው ወረቀት ላይ «ላፒክ» ወደተባለው የማስታወሻ መተግበሪያ ገለበጡት። ስሞቹን በፊደል ጻፉ፤ ማን ከማን እንደተወለደች የሚያሳየውን መስመር ግን በታብሌት ብዕር በእጃቸው አሰመሩ። «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ቢጣመም እንዳትስቂብኝ» ይሉኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ወረቀቱንም ምስጥ ጨረሰው።

3. ድርጅቱ ባለፈው ኖቬምበር መተግበሪያውን ሲዘጋ «መጠባበቂያ ቅጂ ይውሰዱ፤ ምንም አይጠፋም» ብሎን ነበር። ወሰድኩ። ፋይሉ ግን ከተዘጋው መተግበሪያ በቀር በምንም አይከፈትም። ቤቱን አፍርሰው ቁልፉን ሰጡኝ።

4. አቤት ብዬ በጽሕፈት ቤትዎ ትእዛዝ ድርጅቱ ፋይሉን ለውጦ ላከልኝ። የደረሰኝ 143 ስሞች በፊደል ተራ የተደረደሩበት ዝርዝር ነው፤ አንድም መስመር የለበትም። ስደውል ሠራተኛው «ኡኒ፣ እህቴ፣ ስሞቹ በሙሉ ወጥተዋል አይደል እንዴ? መስመሩ እኮ ጌጥ ነው የመሰለን» አለኝ። ስልኩን የዘጋሁት ስድብ ከአፌ እንዳያመልጥ ነው።

5. የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። የድርጅቱ ባለሙያ ማንንም ሳይጠይቅ መስመሮቹን በግምት ሠርቶ ልጆቹን ሁሉ ከአባታቸው ሥር አንጠለጠለ። በዚህ ወረቀት እኔ የሌላ ጎሳ ሰው ከሆኑት ከአባቴ ሥር ነኝ፤ እናቴ ኑርሐስኒ ከሥሯ ማንም የላትም። ሴት ልጅ ያልተረፈበት ቤት መሬቱ ለሌላ ይሰጣል። ጽሕፈት ቤትዎም ይህን ወረቀት ለእኔ ሳያሳይ ማኅተም አድርጎ የማሳችንን ውርስ ለሚያየው የባህል ሸንጎ ላከው፤ በመዝገቤም ላይ «ተፈትቷል» ብሎ ጻፈ። በዚህ ተናድጃለሁ፤ ንዴቴንም በአክብሮት ቃል ልሸፍነው አልችልም።

6. ማሳችንን ለዓመታት የሚመኘው ጎረቤታችን ሩስዲያል ወረቀቱን በሸንጎው አይቶት በገበያ መሃል «ኑርሐስኒ ልጅ የላትም ይላል ማኅተም ያለበት ወረቀት። አንቺ ታዲያ የማን ነሽ?» አለኝ። ሰው ሳቀ። የእናቴ ልጅ መሆኔን መንደሩ ያውቃል። እናቴ ማሳውን መጀመሪያ ካቀናችው ሴት ዘር መወለዷን የሚያውቁት ግን የሞቱት ሽማግሌዎችና ያ ፋይል ብቻ ናቸው። ሸንጎው የሚሰየመው ሜይ 6 ነው።

ስለዚህ ከሜይ 6 በፊት፦

ሀ. ድርጅቱ አሮጌውን መተግበሪያ በአንድ ኮምፒውተር ላይ እንኳ አስነስቶ እያንዳንዱን ገጽ እንደተሳለ በሥዕል እንዲያወጣ፤ ይህ ካልሆነ የፋይሉን አሠራር እኔ ለማመጣው ባለሙያ እንዲሰጥ፤

ለ. የግምቱ ወረቀት ከሸንጎው እንዲነሳ፣ ስሕተት መሆኑም በማኅተም እንዲጻፍ፤

ሐ. «ተፈትቷል» የሚለው ቃል ከመዝገቤ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ።

አዲስ መስመር ሥሩልኝ አላልኩም። የተጣመመው የአጎቴ መስመር ይበቃኛል።

በአቤቱታ ቅጻችሁ ላይ «የአባት ስም» የሚል ቦታ አለ። አባቴን እወዳቸው ነበር፤ ዛሬ ግን ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። እናቴን ሦስት ዓመት ያስታመምኳት፣ ገላዋን አጥቤ የከፈንኳት እኔ ነኝ፤ ፊርማዬም በእሷ ስም ነው።

ከቅሬታዬና ከአክብሮት ሰላምታዬ ጋር፣

ይስናርቲ
የኑርሐስኒ ልጅ
(ፊርማ)