ጥንቸል ይዞ የማያውቀው ተቀባይ

ክሪመር፣ ፍሎሪዳ
እሑድ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 2019

ለምወድሽ እህቴ ለቮኔታ፣

እንደምን ከርመሻል? ኮሪያ ብርዱ ገብቷል አሉ፤ የላክሁልሽን የሱፍ ካልሲ ለጓደኞችሽ እንዳታድዪ፣ ራስሽ አድርጊው። እኛ ደህና ነን። ድምፄ ብቻ ጠፍቷል። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን መዝሙሩን ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው የጨረስኩት። ፓስተሩ ሳይቀሩ፣ አርብ ማታ ጌታ ለከተማችን ድል ሰጠ፣ የእህት ኧርነስቲንን ድምፅ ግን ወሰደ ብለው ምእመኑን አሳቁብኝ።

እንግዲህ ተቀምጠሽ አንብቢው፤ ወደ መጨረሻው ዘለሽ እንዳታዪ። ባለፈው ደብዳቤሽ ያስቀመጥሽው ቃል ከራሴ አልወጣም ነበር። እስከ ገና ድረስ ዩኒቨርሲቲ ካልጠራው ትሬሞን ኳሱን ትቶ በጁን እንደ አንቺ ወደ ጦሩ ይገባል ብለሻል። እናቱ ነሽ፣ መብትሽ ነው። ለልጁ ግን ያንን ሳነብለት እራቱን ሳይነካ ተነሳ። ካንቺ ጋር በደብዳቤ የተሟገትኩት ለዚህ ነው እንጂ ክርክር ወድጄ አይደለም። እሺ፣ ክርክርም እወዳለሁ።

የሸንኮራ እርሻው ቃጠሎ ዘንድሮም በኦክቶበር ተጀመረ። ጭሱ ሲነሳ የከተማው ልጅ ሁሉ የጫማውን ክር አጥብቆ ወደ ሸንኮራው ጠርዝ ይነጉዳል፤ ከእሳቱ የሚያመልጠውን ጥንቸል በእጁ ይዞ ለመግባት። እዚህ አገር ሯጭ የሚመዘነው በዚያ ነው። አንቺ ራስሽ በልጅነትሽ ስንቱን ወንድ አስቀንተሽ ጥንቸል በሁለት እጅሽ አንጠልጥለሽ ትገቢ ነበር። ልጅሽ ግን ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት ሞላው፣ አንድም ይዞ አያውቅም። ፊቱን ጥላሸት አልብሶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሌላው ሲሮጥ እሱ ጠርዝ ላይ ቆሞ ስለሚያይ ጓደኞቹ «ዘበኛው» ብለው ስም አወጡለት። እኔም ዛሬም እራታችን ባቄላ ነው እያልኩ ስቄበታለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ያስቃል።

አሰልጣኝ ባስኪን ደግሞ የተወረወረ ኳስ በእጁ ይዞ የሚሮጠውን ተቀባይ የሚመርጠው በቁመት፣ በሰዓት መያዣውና በጥንቸል ነው። በዚህ ሚዛን ከዲያቆን ፕራተር ልጅ ከማርኬል የሚበልጥ የለም። ረጅም ነው፣ እጁን ሲዘረጋ የቤታችንን ጣሪያ ይነካል፣ ሲሮጥም ነፋስ ነው። አልዋሽም፣ ልጁ ድንቅ ነው። የኛው በቁመቱ እኛን መስሎ አጭር ሆነ፤ በሰዓቱም ቢሆን ከቡድኑ መካከለኛ ነው። ስለዚህ ወንበር ሲያሞቅ ከረመ።

እጁን ግን ማንም አላየለትም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሐባብ ጭነት ላይ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ፤ ከእርሻው እስከ መኪናው በሰልፍ ከእጅ ወደ እጅ የሚወረወረውን። ሌላው ልጅ ደረቱን ደግኖ ይጠብቃል፣ ሐባቡም እዚያው ይፈነዳበታል። ትሬሞን በጣቶቹ ተቀብሎ እጁን ከሐባቡ ጋር ወደ ራሱ ይስባል፤ የተኛ ሕፃን ከሰው እንደሚቀበል ሰው። ክረምቱን ሙሉ አንድም ሲሰብር አላየሁም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሦስተኛው የኛ ልጅ ነው።

የቡድኑን አውቶቡስ የምነዳው እኔ ነኝ፣ አሰልጣኙ የሚቀመጠውም ከኋላዬ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከጨዋታ ስንመለስ ዝም ማለት አላስቻለኝም። አርብ የምንገጥማቸው የሊንድሪ ልጆች ሁለት ሰው ማርኬል ላይ ቢለጥፉ ምን ልታደርግ ነው አልኩት።

«እትዬ ኧርነስቲን፣ አንቺ መሪሽን ያዢ» አለኝ።

«መሪዬንማ ይዣለሁ፤ የለቀቅከው አንተ ነህ።»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እሱ ግን ኩርፊያ አያውቅም፤ ማክሰኞ ልምምድ ላይ ትሬሞንን አስነስቶ ከቡድኑ ምርጥ ተከላካይ ፊት አቆመው። እኔም ሞተሩን አጥፍቼ በመስኮት አየሁ። ልጅሽ ቀጥ ብሎ ሮጠ፣ ወደ ውጭ የሚወጣ መሰለ፣ ከዚያ ሳይቀንስ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ተከላካዩ እግሩ ተጠላልፎ በቂጡ ቁጭ አለ። አሰልጣኙ እድል ነው ብሎ ድገሙት አለ። ሲደግሙት ተከላካዩም ደገመው።

«ይሄን ማን አስተማረህ?» አለ ባስኪን።

«ጥንቸሏ፣ ኮች።»

«አንተን? አንድም ይዘህ የማታውቀውን?»

ትሬሞን እንደ ልማዱ መሬት መሬቱን እያየ መለሰ። «የሮጡት ልጆች ያዩት ጀርባዋን ነው። እኔ ቆሜ እግሯን አየሁ። ልትታጠፍ ስትል አትቀንስም፣ የምትሄድበትንም አታይም። የሚያባርራት ሰው ክብደቱን አንድ እግሩ ላይ እስኪጥል ትጠብቅና ያኔ ትታጠፋለች።»

ባስኪን ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «ተቀባይ እኮ አባራሪ አይደለም፣ ተባራሪ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ዕድሜ ልኬን ውሻ ሳሠለጥን ኖሬአለሁ።»

ዝም አይነቅዝም ማለት ይኸው ነው። እኔ እዚያ መስኮት ላይ አለቀስኩ፤ ጭስ ነው ብዬ አጠገቤ ለነበረው ሾፌር ጓደኛዬ ዋሸሁ።

አርብ ሊንድሪዎች መጡ። በዚያው ምሽት ደግሞ ሚስተር ሃልስቴድ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መልማይ ማርኬልን ሊያይ መጥቶ ከኔ በታች ባለው መደዳ ተቀምጧል። ቡድናችንን የሚያየው ያን ቀን ብቻ መሆኑን አሰልጣኙ ነግሮኝ ስለነበር የዓመቱ ነገር ሁሉ እዚያች ሜዳ ላይ ነበር። እንዳልኩትም ሁለት ሰው ማርኬል ላይ ለጠፉበት፤ ምስኪን መላወሻ አጣ። የሊንድሪ ደጋፊዎች ደግሞ ትሬሞን ሲገባ ቁመቱን አይተው፣ የትኛዋ እናት ናት ልጇን ከመዋለ ሕፃናት አምጥታ እዚህ የጣለችው ብለው ጮኹ። ዞሬ አክስቱን ሳታውቁ ስለ እናቱ አትጠይቁ አልኳቸው። ድምፄ መጥፋት የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ልጅሽ መሐል መሐሉን እየሰነጠቀ አንዱን ኳስ ከሌላው አስከትሎ ያዘ። ሆኖም ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አሁንም እየተመራን ነው፣ የቀረን አንድ ውርወራ ብቻ ነው። ትሬሞን ጠርዙ ላይ ቆመ። ሮጠ። ዓይኑን ወደ ውጭው መስመር ጣለ፣ ትከሻውንም ወደዚያው አዞረ፤ ተከላካዩ እግሩን ሲተክል የኛው ወደ ውስጥ ታጥፎ ሄዷል። ውርወራው ግን ዘገየ፣ ከፍም አለ። ቮኔታ፣ ሁለት ግንድ የሚያካክሉ ልጆች ከግራና ከቀኝ ሲመጡበት አየሁ። እሱም አይቷቸዋል፣ ኋላ ጠይቄዋለሁ። ዓይኑን ግን ከኳሱ አልነቀለም። ዘሎ በጣቶቹ ጫፍ ተቀበለው፣ እጁን ወደ ራሱ ሳበ፤ እነሱም አየር ላይ እንዳለ መቱት። ወደቀ። ከዚያ ከሰዎቹ ሥር አንድ እጅ ወጣ፣ ኳሱ እላዩ ላይ አለ፣ የወደቀውም ነጥብ ከሚያስቆጥረው መስመር ወዲያ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም። ዲያቆን ፕራተርን እንዳቀፍኩት ሰዎች ይነግሩኛል። ማርኬል ነው መጀመሪያ ያነሳው፤ በትከሻው ተሸክሞት «ዘበኛው! ዘበኛው!» እያለ ሜዳውን ዞረ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስተር ሃልስቴድ ከአሰልጣኙ ጋር ቤታችን መጣ። ዓሣ ጠብሼ ጠበቅኩት። ማርኬልንም ሊወስዱት ነው። ስለ ልጅሽ ያለውን ግን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፣ ማታ ማታ እንድታነቢው፤ «እመቤቴ፣ ረጅም ልጅ ሞልቷል፣ ፈጣንም ሞልቷል። እንደሚመታ እያወቀ ኳሱን እያየ የሚጨርስ ግን ፈልጌ ነው የማገኘው።» ሙሉ ወጪውን ችለው ይወስዱታል። ስለዚህ ሳጅን ሆይ፣ ተረትተሻል። ቃልሽን ጠብቂ።

ከዚያ ሰውየው ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ ልጁ ትምህርቱን በዲሴምበር ከጨረሰ በጃንዋሪ ይግባ፣ ቶሎ ቢጀምር ይጠቅመዋል አለ። እኔ እስከ ኦገስት ይቆያል ብዬ ነበር የማስበው። ትሬሞን ሰውየውን ትቶ እኔን አየኝ።

«አክስቴ፣ ልሂድ?»

ምን ትጠይቀኛለህ፣ ሻንጣህን ምረጥ አልኩት። ጎሽ በይኝ፤ ሳላለቅስ ነው ያልኩት። የሚገርምሽ፣ ያንቺ ጦር እንኳ እስከ ጁን ይተውልኝ ነበር። ያም ሆኖ ዛሬ ደግመው ቢያጫውቱት፣ ካለችኝ ድምፅ በላይ እጮኻለሁ።

ጌታ በሄድሽበት ይቅደም፤ በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ። ልጅሽ ለብቻው ሊጽፍልሽ ተቀምጧል፣ እስካሁን ሁለት መስመር ጽፎ ኳሷን ያሽከረክራል። የዓመት ፈቃድሽን ቅጽ እስካሁን ካልሞላሽ ለጃንዋሪ መጨረሻ አድርጊው። ለእሱ ብለሽ አይደለም፣ እሱ ያኔ አይኖርም። ለእኔ ብለሽ ነይ።

እህትሽ
ኧርነስቲን