እንሰት የተማረችው ልጅህ

የምሕረት አባት፣

ከተለየኸኝ ይኸው አራተኛው ክረምት ገባ። ሰላም ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ጌታ ዘንድ ያለ ሰው ሰላም መሆኑን አምናለሁ። ሰላም ያጣሁት እኔ ነኝ። ለዚህም ነው ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ባልታረመ ጽሑፌ ይህን ሁሉ ወረቀት የማበላሸው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የጓዳው ግድግዳ እንደተሰነጠቀ ነው። ግንበኛ ሆነህ ዕድሜህን ሙሉ ሆሳዕና ላይ የሰው ቤት ስታቆም የራስህን «ለከርሞ» እያልክ አሳደርከው። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንደ እናቷ እልኸኛ ናት። ጎረቤታችን አማረችም ደህና ናት። ልጇ ታምራት ከደቡብ አፍሪካ በላከው ብር አንተ የሠራህላት ቤት አሁን በረንዳው ሴራሚክ ለብሷል፤ ጫማችንን አውልቀን ነው የምንገባው።

ጠባችንን መቼም አትረሳውም። ምሕረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ሳይመጣላት ሲቀር፣ አንተ ባሕር ዛፉንና በሬውን ሸጠን ሆሳዕና የግል ኮሌጅ ትግባ አልክ። እኔ ደግሞ በዚያ ብር ሆመቾ ገበያ ላይ ሱቅ ይከፈትላት አልኩ። የምትማረው ስለ ሰብልና ተክል መሆኑን ስሰማ ጭራሽ አበድኩ። እንሰት ለመትከል ኮሌጅ ምን ያደርጋል፣ እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ስትተክል አልኖረችም ወይ አልኩህ። አንተ ግን የታምራትን ግንብ ስትገነባ ውለህ፣ ሲሚንቶ በእጅህ ላይ እንደደረቀ፣ «እኔ የማላውቀውን የሚያውቅ አንድ ሰው በዚህ ቤት ይኑር» አልከኝ። ሳምንት ሙሉ ወጥህን ጨው አበዛሁበት። ሳህኑን ጠርገህ በላህ፤ ባሕር ዛፉም በሬውም ተሸጠና ኮሌጅ ገባች።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች ሄድክ። ያኔ ላስወጣት እችል ነበር፤ ዘመድ ሁሉ የጠበቀው እሱን ነው። አላስወጣኋትም። አምኜበት እንዳይመስልህ፤ ስለሞትክ ብቻ ክርክሩን ማሸነፍ አላማረኝም። ቆጮና ቅቤ ሆሳዕና ድረስ እየተሸከምኩ አስጨረስኳት።

ከተመረቀች በኋላ ያለው ዓመት ክፉ ነበር። ዲፕሎማዋን በፕላስቲክ ይዛ ከአንዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው ስትዞር ሁሉም የሥራ ልምድ ይላታል። አብረዋት ከተመረቁት አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ሾኔ ላይ የሞባይል ካርድ ትሸጣለች። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ «አላልኩም?» አልኳት። ልብሷን ቀይራ እንሰት ልትፍቅ ወጣች።

ያንን ስለታም ቢላዋዬን ታውቀዋለህ፤ መንደሩ ውስጥ እንደሱ የሚቆርጥ የለም። በደቦ ስንሠራ ከእጅ እጅ ይዞራል፣ ከደቦው በኋላም ለጠየቀችኝ ሁሉ አውሳለሁ። ቢላዋ የምትነፍግ ሴት ምን ተብላ እንደምትታማ አንተም ሰምተሃል። ባለፈው ዓመት ታዲያ ጓሯችን ውስጥ አንድ እንሰት መካከለኛው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጠወለገ፤ ቀጥሎ አጠገቡ ያለው። እኔ ዓይን በላው ብዬ ጸሎት ያዝኩ። ምሕረት ግንዱን ቆርጣ የሚንጠባጠበውን ቢጫ ፈሳሽ አሳየችኝና አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው አለች። ከየት መጣብን ብላት ቢላዋዬን አነሳች። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ ያስይዘዋል አለችኝ። የምሕረት አባት፣ በሽታውን ከቤት ቤት ያዞርኩት እኔ ነበርኩ፤ ያውም ደግ ሴት እየተባልኩ።

ልጅህ የታመሙትን ነቅላ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረቻቸው። አንተ በመጨረሻው ዓመትህ የተከልካቸውም ነበሩበት። ሁለተኛ የቀበርኩህ መሰለኝና አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከመሄዳችን በፊት ቢላዋው በእሳት ይለፍ ብላ ደነገገች። አማረች ይህን ስትሰማ በደቦው መሀል «ብረት እሳት ውስጥ መክተትማ ቀጥቃጭም ያውቅበታል፤ ለዚህ ነው ባሕር ዛፉ ያለቀው?» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ልጄ እያየችኝ ሳቅሁ።

በዚህ በልግ የአማረች ጓሮ እኩሌታው ጠወለገ። የእኛ ቀሪው እንደቆመ ነው። አንድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና እኔን አልፋ ምሕረትን ፈለገች። ታምራት ብር ይልካል፤ ስድስት ዓመት የቆመ እንሰት ግን በባንክ አይላክም። ልጅህ አንዲት የወቀሳ ቃል ሳትተነፍስ መቆፈሪያዋን ይዛ ሄደች፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከአማረች ጋር ስትነቅልና ስትቀብር ሰነበተች። አሁን በደቦ ማንም ሴት ቢላዋዋን በእሳት ሳታሳልፍ አንድ ግንድ አትነካም። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም በኮንትራት ቀጥሯታል። ደመወዟ ትንሽ ነው፤ ታምራት በወር የሚልከውን እሷ በዓመት አታገኘውም። እኔ ግን ስሟ ሲጠራ አንገቴ ይረዝማል፣ ኮራሁባት ብል ያንሰኛል።

ኮሌጅ ለድሃ ያዋጣል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አላውቅም። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ እናት በሬዋንም ልፋቷንም ሰጥታ ዛሬም ትጠብቃለች፤ ለእሷ ያዋጣል ብዬ በምን አፌ ልናገር። እኔ የማውቀው የቤቴን ነው።

አሁን ሰላም ወደነሳኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች አስነሱኝና፣ ባሏ ሞቶ ሳለ ልጇን ያስተማረች ብርቱ እናት ብለው አጨበጨቡልኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። ምሕረት ከኋላ ተቀምጣ አብራ ታጨበጭባለች፤ እሷ ደግሞ ሁሉን ታውቃለች። ቤት ገብቼ ይህን ወረቀት ፈለግሁ።

ስለዚህ ቃሌ ይኸው። በሚመጣው እሑድ እነሳለሁ። ትማር ያለው አባቷ ነው፣ አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ ብዬ በጉባኤው ፊት እናገራለሁ። ከዚያም በኋላ፣ በሕይወት እስካለሁ፣ ሰው «ጎበዝ እናት» ባለኝ ቁጥር የአንተን ስም እጠራለሁ። ያንተ የሆነውን ማንም እንዲወስድብህ አልፈቅድም፤ ከማንም በፊት ለራሴ።

ያቺው አስቸጋሪ ሚስትህ