ጠበል የነካው ወለል

ካዛንቺስ፣ ኅዳር 17 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለውዷ ብርኽቲ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? መቀሌ ተስማማሽ? እህትሽና ልጆቿስ ደህና ናቸው? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ስልኬን አላነሳ ካልሽ አራት ወር ሞላሽ፤ ስለዚህ በወረቀት መጣሁ። እንደ ልማድሽ ከመጨረሻው እንዳትጀምሪ፣ በቅደም ተከተል አንብቢው።

ዶክተር ሰብሊ የምትባል የጥርስ ሐኪም እዚህ ካዛንቺስ ክሊኒክ ልትከፍት ነው፤ የወለሉን ሥራ ለእኔ ሰጠችኝ። ኢፖክሲ ነው። ቀለሙና ማጠንከሪያው ለየብቻ ይመጣሉ፣ ቀላቅለሽ ወለሉ ላይ ታፈስሺዋለሽ፣ በማግስቱ ደርቆ ፊትሽን ያሳይሻል። ያለፈው ሰኞ ቀባሁት። ወደ ማምሻው ላይ እናቷ እማማ ጀማነሽ፣ የልጄ ሥራ ይባረክ ብለው፣ በር ላይ ቆመው ከዑራኤል ያመጡትን ጠበል ረጩበት። ማክሰኞ ጠዋት ስንገባ ወለሉ ጫማችንን ይዞ አልለቅ አለ።

ዶክተሯ የጠበሉን ነጠብጣብ ስታይ እናቷ ላይ ጮኸችባቸው። የጥርስ ወንበሩ በሳምንቱ ሰኞ ሊተከል ነው፣ የምረቃው ጥሪ ተበትኗል። ወደኔ ዞር ብላ ጠበሉ ነው አይደል አለችኝ። እኔም ኢፖክሲ ውኃ አይወድም አልኳት። መቼም አይወድም፣ እሱ ውሸት አይደለም። ግን ውኃ ያበላሸው ቢሆን ኖሮ ጠብ ያለበት ቦታ ብቻ ነበር ነጭ የሚያወጣው። ይሄ ጠብታ ያልደረሰበት የውስጠኛው ክፍል ሳይቀር፣ ከጥግ እስከ ጥግ እንደ ማር ይሳባል። ይህን ገና በሩ ላይ እንደቆምኩ አውቄያለሁ።

ሰው ሲወጣልኝ ቆርቆሮዎቹን አገላብጬ አየሁ። የዘንድሮው ዕቃ ከሌላ ፋብሪካ ነው፤ ለሁለት እጅ ቀለም አንድ እጅ ማጠንከሪያ ይላል። እኔ እንደ ድሮው ለአራት አንድ አድርጌ ነበር የደባለቅሁት። ጽሑፉ እዚያው ጎኑ ላይ አለ፤ ግን ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ምን ብሎ ያነባል? ማጠንከሪያው ሲተርፈኝ እንኳ አልጠረጠርኩም፣ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

አልተናገርኩም። ማሞቂያ አስመጣሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። እንደማይደርቅ እያወቅሁ ሠራተኛ መሰልኩ። ዶክተሯ እናቷን ሁለተኛ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ከልክላቸው፣ እማማ ጀማነሽ ዘበኛው ቤት አጠገብ በርጩማ ላይ እየተቀመጡ ይውላሉ። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ደረቀ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ሐሙስ ዕለት እጄን ያዙኝ።

«አጽብሃ ልጄ፣ ነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነበር» አሉኝ። «ጠበሉስ ንጹሕ ነው። የረከሰው የኔ እጅ ይሆናል።»

ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። ዶክተሯን ጠርቼ በእናቷ ፊት የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፣ ቆርቆሮውንም አሳየኋት። የጀመርከውን ጨርስና ሁለተኛ ዓይንህን አልየው አለችኝ። ይገባኛል። እማማ ጀማነሽ ግን አልተቆጡም።

«ሦስት ቀን ሙሉ እያየኸኝ?» አሉ፣ በቃ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያው ሐሙስ ጀምሬ ዓርብን ሙሉ ወለሉን ፋቅሁት፣ በቲነር አጠብሁት። እላዩ ላይ ቢደርቡበት አይሆንም፣ ከሥሩ መነሳት አለበት። ቅዳሜ በመስፈሪያ እየለካሁ እንደገና ቀባሁት። ትናንት ደርቆ አገኘሁት፤ ወንበሩ ዛሬ ጠዋት ተተከለ። እኔ ግን ደስታ የሚባል አልተሰማኝም፣ የሴትዮዋ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ።

ብርኽቲ፣ ለእሳቸው ሦስት ቀን ነው። ላንቺ ሰባት ዓመት ነው። ልጅ ያልወለድነው በማን ምክንያት እንደሆነ ሐኪሙ ነግሮናል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የኔ ስም ነው። እናቴ መካን ብላ ስትሰድብሽ፣ ከአንዱ ጠበል ወደ ሌላው ስታንከራትትሽ፣ እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ዜና አያለሁ። አንቺ ክብሬን ጠብቀሽ አንድ ቀን ትንፍሽ አላልሽም። በድዬሻለሁ። ሰነፍ ብቻ አልነበርኩም፣ ፈሪ ነበርኩ።

ትናንት ከክሊኒኩ በቀጥታ ቂርቆስ እናቴ ቤት ሄድኩ። ችግሩ የኔ ነው፣ ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር አልኳት። እሷም ተነስታ ነጠላዋን ለበሰችና የመቀሌ አውቶቡስ ከየት እንደሚነሳ ጠየቀችኝ። አብሬሽ ልምጣ ብላት አንተማ እዚሁ ቆይ አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ የመጣችው ራሷ ይቅርታ ልትጠይቅሽ ነው። እኔን ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ነይ የማለትም መብት የለኝም። አምላክ ያቃጠልኩትን ልብሽን ያሳርፍልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልሽ። እናቴን ግን አደራ፣ እግርሽ ላይ ሳትወድቅ ቶሎ ብለሽ ያዣት፤ ጉልበቷን ያማታል።

ያንቺው
አጽብሃ